ዓለምጌጥ ኪቶ የቀረች ጊዜ

ጉግሳ ሚስቱን ኢኳዶር ወስዶ ጥሏት እንደሚመለስ ከሁሉም በፊት የገባው ለእኔ ነው። ማለቴ፣ ነግሮኝ አይደለም። ግን ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም ኤርፖርት ድረስ በመኪናዬ ያደረስኳቸው እኔው ነኝ።

ያን ጊዜ የምኖረው ዳላስ ጥግ ካለችው ካሮልተን ነው። አዘቦቱን ነርሲንግ ሆም አሮጊትና ሽማግሌ ሳጥብ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የኢሚግሬሽን ፎርም እሞላለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለሆነ ብቻ ሰዉ ወደ እኔ ይመጣል። ጉግሳ የዳላሱ ዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነበር። ዕድሜው አርባ አምስት፣ ሲትዝን፣ ዝምተኛ፣ እሑድ ከፊተኛው ወንበር የማይጠፋ ሰው ነው። ዓለምጌጥን ከደብረ ብርሃን በእጮኛ ቪዛ ሲያስመጣት ወረቀቷን የሞላሁት እኔ ነኝ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሳቂታ ናት፤ አፏ ላይ የመጣላትን ሳትናገር አታድርም።

የጎዳትም ይኸው ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ሳምንት እኔንና የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች እቤታቸው እራት ጠሩን። ከምግቡ በኋላ ጨዋታ ሲደራ ዓለምጌጥ ድንገት ብድግ አለች።

«ለአባቴ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ? የኤርፖርቱ የጭነት ክፍል ኃላፊ ነኝ ብሎ! እኔ ክራቫት አስሮ የሚውል ሰው ጠብቄ፣ በመጀመሪያው ቀን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ገባ!»

አገባቡንም አሳየችን። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጉግሳም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሳይጠፋ ተነስቶ ሳህን ማንሳት ጀመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የግሪን ካርድ ማመልከቻዋን ላስሞላ ብሎ መጣ። ሞልቼ፣ ፖስታው ላይ አድራሻውን ጽፌ ሰጠሁት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለማወቅ ያህል ነው፣ ጥሩወርቅ። መልሱ ሳይመጣ ከአገር ብትወጣስ?»

«ያለ ፈቃድ ከወጣች አትመለስም። የእጮኛ ቪዛ አንዴ ከገቡበት አለቀ።»

«በፍጹም?»

«አንተ እንደገና ከሀ ካልጀመርክላት በቀር።»

«ኦኬ» አለና ፖስታውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።

ይህ በዘጠና ስድስት መጨረሻ ነው። በተከታዩ ግንቦት ላይ ዓለምጌጥ ፊቷ በርቶ ቤቴ መጣች። «እትዬ ጥሩዬ፣ ኪቶ ልንሄድ ነው! የጫጉላ ሽርሽራችንን አሁን ላድርግልሽ አለኝ።» በቀለም ያሸበረቀ የቱሪስት መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ጉግሳ በሥራው ምክንያት፣ አውሮፕላኑ ላይ ወንበር ሲተርፍ፣ ትኬት በነጻ ነው የሚያገኘው። የኢኳዶርን ቪዛ ደግሞ ሂውስተን ካለው ቆንስላ ራሱ አስመትቶላታል። «ከተማው ርካሽ ነው አሉ፤ ሾርባው፣ ሩዙ፣ ሥጋው፣ ጭማቂው፣ ሁሉም በአንድ ዶላር! ደህና ሆቴል በስምንት ዶላር! ብርዱ ደግሞ እንደኛ አገር ነው።»

«ወረቀትሽስ?» አልኳት።

«ጉግሳ ሁሉንም ጨርሻለሁ ብሏል።»

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ የመመለሻ ፈቃዱን አይተሽዋል ወይ የሚል። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እውነቱን ልናገር፤ አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ከዳላስ ወጥቼ ያየሁት ሂውስተንን ብቻ ነው፣ እሱንም ለለቅሶ። ይቺ መጥታ ዓመት ያልሞላት ልጅ ቱሪስት ልትሆን ነው። መጽሔቱን ስትገልጥ የቀለበት ጣቷን አየሁና «ሂጂና እዪው» አልኩ በልቤ። ከዚያ የሻይ ውኃ ጣድኩ።

ኤርፖርት ሳደርሳቸው ጉግሳ ሻንጣዋን ራሱ አወረደላት። እሷ አቅፋ ሳመችኝ። እሱ እጄን ሲጨብጠኝ ዓይኔን አላየም፤ እኔም የእሱን አላየሁም።

በስምንተኛው ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። ኮሌክት ኮል ነው፤ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ ብዬ ተቀበልኩ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ አላሳፍርም አሉኝ» አለች። ድምጿ ገና ማልቀስ አልጀመረም፤ የሆነ ስህተት ተፈጥሮ በአንድ ስልክ የሚስተካከል መስሏታል።

ቀስ እያልኩ ሁሉን አስነገርኳት። አምስት ቀን አይታ የማታውቀው ባል ሆኖላት ነበር። የሱፍ ሻል ገዛላት። የምድር ወገብ መስመር ላይ አንድ እግሯን እዚህ፣ አንድ እግሯን እዚያ አድርጋ ፎቶ አነሳት። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ክንፍ ያላት የማርያም ሐውልት ቆማለች፤ እዚያ ሲወጡ እሱ ትንፋሽ አጥሮት ሲቀመጥ እሷ በሩጫ ወጥታ ሳቀችበት። «ሳቂ፣ ሳቂ» አላት። በስድስተኛው ቀን ኤርፖርት ሄዱ። ትርፍ ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ነገ ሥራ ስለምገባ ልቅደም፣ አንቺ በነገው ነይ አላት። እንዳይጠፋብሽ ብሎ የጋብቻ ወረቀቷን ተቀብሏት ግንባሯን ሳማት። በማግስቱ ትኬት ክፍሉ ቪዛዋን አይቶ መለሳት። የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደች፤ ኮምፒውተር ላይ በስሟ የገባ ምንም ማመልከቻ የለም፣ ባልሽ ይጀምርልሽ አሏት።

«ቤት ደወልኩ፤ አያነሳም። ታሞ ይሆን? እባክሽ ሄደሽ እዪልኝ።»

ሄድኩ። ጉግሳ በሩን ከፍቶ አስገባኝ። ልብሷን በሁለት ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ከትቶ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦታል። አድራሻውን የጻፍኩበት የማመልከቻዋ ፖስታ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር፤ አልተከፈተም፣ ቴምብርም የለበትም።

«ጉግሳ፣ እግዚአብሔርን አትፈራም?»

«ጎረቤትና ወንድም ፊት አልቅሼ ነበር እንዴ ያን የእራት ቀን? አላለቀስኩም። እሷም አታልቅስ።»

«ለጉባኤው እናገራለሁ።»

«ተናገሪ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ፎርም የሞላሽው አንቺ ነሽ። ላይሰንስ አለሽ? ሶ፣ ጠበቃ ሳትሆኚ የስንት ሰው ወረቀት ሞልተሻል? ብትወጣ አትመለስም ያለኝስ ማን ነው? እኔ በራሴ የማውቅ ይመስልሻል?» ከዚያ አንዱን ከረጢት አንስቶ ሰጠኝ። «ላኪላት።»

ይዤው ወጣሁ።

ጉግሳ ለሽማግሌዎቹ ቀድሞ ነገራቸው። እዚያ አንድ ስፓኒሽ የሚናገር ወንድ አግኝታ ቀረች አላቸው። ፓስተሩ እጁን ጭኖ ጸለየለት፤ ሴቶቹ ተራ ገብተው ምግብ ወሰዱለት። እኔም በተራዬ ወሰድኩ።

ዓለምጌጥ ያረፈችበት ሆቴል ባለቤት አሮጊት አንሶላ እያጠበች እንድትኖር ፈቀዱላት። በየሳምንቱ ትደውላለች። ቱሪስቶቹ የገዙትን ሹራብ ትነግረኛለች፣ እጇ በብርዱ መሰነጣጠቁን ትነግረኛለች። በሐምሌ አንድ ቀን ወሬው ደረሳት፤ ከደብረ ብርሃን አባቷ ሰምተው «ልጄ አይደለሽም» ብለዋት ነበር።

«እትዬ ጥሩዬ፣ መመለሱ ይቅርብኝ» አለች። «ጉባኤው ፊት ቆመሽ እውነቱን ብቻ ተናገሪልኝ። አንድ ሰው ለአባቴ ይጻፍልኝ። ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እሑድ እናገራለሁ» አልኳት።

እሑድ ፓስተሩ «ምስክርነት ያለው?» ሲል እጄን አነሳሁ። ማይክራፎኑን ሰጡኝ። ጉግሳ ፊተኛው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ዞሮም አላየኝ። ሦስት ወር ያሰቃየኝ ወገቤ ተፈውሷል አልኩ። ወገቤ አሞኝ አያውቅም። ሰዉ እልል አለ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ጉግሳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። መጀመሪያ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ተናገርሽልኝ?»

«ተናገርኩልሽ።»

«ምን አሉ?»

«አለቀሱ» አልኳት። «ለአባትሽ እንጽፋለን ብለዋል።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እናቴም አንቺ ነሽ አለችኝ። የሚጻፈውን ደብዳቤ አራት ወር ጠበቀች። በኅዳር ወንድሟ እንደ ምንም ትኬት ቆርጦ አገሯ አስገባት፤ አባቷ በሩን አልከፈቱላትም፣ አዲስ አበባ አንድ ዘመዷ ቤት ተጠጋች። ጉግሳ ደግሞ ሚስቴ ያለችበት አይታወቅም ብሎ በጋዜጣ አሳውጆ ፍቺውን አገኘ።

የጥምቀት ሰሞን ደወለችልኝ። ደብዳቤው ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ እንደሆነ ሌላ እንዲጽፉላት እንድለምናቸው ጠየቀችኝ። እሺ፣ እለምናቸዋለሁ አልኳት።