አምስተኛው መነጽር

ልጄ የተወለደችው ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ ነው። ንጹሑ ደምና አየር ያጣው ደም ስለሚቀላቀሉ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው። የልብ ሐኪሞቹ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፏል ካሉን ስድስት ዓመት ሆነ። መድኃኒቷን የምትሰጣት እናቷ ናት፣ ደረጃ ላይ የምታዝላት ታላቅ እህቷ። እኔ መነጽር ሰሪ ነኝ፤ ለምንም አልረባኋትም።

ስለዚህ አንድ ቀን ሱቄ መጥታ «አባዬ፣ ብዥ ይልብኛል» ስትለኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። በስንት ጊዜዋ በእኔ ሙያ መጣች። ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ሰሌዳ ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ዓይኖቿን በየተራ እየሸፈንኩ፣ ሌንስ እየቀያየርኩ አስነበብኳት። እስከ መጨረሻው መስመር ወረደችው። ለደንበኛው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ብዥ አላት። ቀየርኩላት። ደግሞ ቀየርኩላት። ዓይኗ ሁሌ ደም ስለሚመስል ጎረቤቱ ማን አስለቀሳት እያለ ይነዘንዘናል። እናቷ የዓይን ሐኪም ይያት ስትል፣ እኔ ምን ልሁን ታዲያ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩ። አራተኛውንም ሠራሁላት። እሱንም አድርጋ ሰሌዳውን እንደ ውሃ አነበነበችው።

በመጨረሻ እናቷ፣ ልጅቷ ፊት ለፊቷ ያለውን ማንኪያ በእጇ ስትዳብስ አየቻት። እኔን ሳታማክር ከዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዘች። ተከትያቸው ሄድኩ፤ ሐኪሟ ሥራዬን ታደንቅልኛለች ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

ሐኪሟ ግራ ዓይኗን ሸፍና በቀኙ ግድግዳው ላይ ያለውን እንድታነብ ጠየቀቻት። ልጄ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«መ፣ ሀ፣ ተ። ለ፣ ቀ፣ ወ፣ በ...»

የሐኪሟ ሰሌዳ ላይ ፊደል አልነበረም፤ ቁጥር ነበር። ልጄ የምታነበው የእኔን ግድግዳ ነው። ሱቄ ውስጥ ነው ያደገችው፣ ከላይ እስከ ታች በቃሏ ታውቀዋለች።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ ዓይኗን ውስጡን አይታ ቀስ ብላ አስረዳችን። ልቧ በቂ አየር ስለማያዳርስ ሰውነቷ ቀይ ደም ያበዛል፣ ደሙም ይወፍራል። ዓይኗ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች አብጠው ተጠማዝዘዋል፤ የቀኙ ተዘግቶ ደም ፈሷል፣ ማየትም አቁሟል። ቀድማ ብትመጣ ምናልባት አለች፣ አልጨረሰችውም። ግራውም ጀምሮታል።

ኮሪደሩ ላይ ልጄን ለምን እንደዋሸችኝ ጠየቅኳት።

«በልቤ የተነሳ ሁሌ ታለቅሳለህ» አለች። «በዓይኔ ግን ደስ አለህ። ላበላሽብህ አልፈለግኩም።»

እናቷ ፊቷን አዞረች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ይቅር አላልኩም፣ አልልምም።

ግራው ስድስት ወር ቆየ። ሕክምናው አላቆመውም፤ እሱም ጨለመ። ይኸው ዛሬ እህቷ እየመራች ሱቅ አመጣቻት። የለመደችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና አምስተኛውን እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ዕይታ የማያስተካክል ተራ መስታወት ቆርጬ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ ፍሬሙ ውስጥ አስገብቼ ዓይኗ ላይ አደረግኩላት።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ጥሩ ነው አባዬ።» ወደ ግድግዳው ዞራ ማንበብ ጀመረች።

ሰሌዳውን ከሐኪም ቤት የተመለስን ዕለት አውርጄዋለሁ። ልጄ ባዶውን ግድግዳ አንድ ፊደል ሳትስት እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችልኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት።