ሹክ ማለት የማያውቅ ስልክ

ወዳጆቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና የስልኬን ጉድ ላጫውታችሁ። ጮክ ብዬ ባወራም ግድ የለም፤ የእኔ ቤት ወሬ እንደሆነ የሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ከገባ ቆይቷል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ። ታናሽየዋ ትዳር ይዛ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው። ግን አይነጋገሩም ነበር።

ጠባቸው ምን መሰላችሁ? ሬዲዮ ነው። አባታቸው ካረፈ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ልጄ የአባቱን ሬዲዮ ከአሮጌው ዕቃ ጋር አውጥቶ ጣለው። ድምፁ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፣ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ቆሻሻ መስሎት ነው። እሷ ስትመጣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቃት።

"አባዬን ነው የጣልከው!" አለችው።

እሱም ክው አለ። ክው ያለ ሰው ደግሞ ደህና ነገር አይናገርም፤ "ያን ያህል ከወደድሽው ለምን ወስደሽ አታስቀምጪውም ነበር?" አላት። በቃ፣ ተዘጋጉ።

ከዚያ ወዲህ እሱም ስለ እሷ ሲያነሳ "ልጅሽ"፣ እሷም ስለ እሱ ስታነሳ "ልጅሽ"። "ልጅሽ ደወለች?" "ልጅሽ በላ?" እህት የለ፣ ወንድም የለ፣ ሁለቱም የእኔ ብቻ ሆነው ቀሩ። ጠዋት ማታ የምጸልየው ይህንኑ ነበር። "ጌታዬ ሆይ፣ ይሄ ሕፃን ሳይወለድ አስታርቅልኝ። አጎቱን 'የአያቴ ልጅ' እያለ እንዳያድግብኝ" እላለሁ።

ስልኩን የገዛልኝ ልጄ ነው። የድሮው ስልኬ ቁጥሩ ተፋፍቆ በደመ ነፍስ ነበር የምደውለው። አዲሱን ከነካርቶኑ አመጣና፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ላስቲክ ራሱ ልጦ "እማዬ፣ በዚህኛው የልጅሽን ሆድ በቪዲዮ ታዪበታለሽ" አለኝ። አያችሁልኝ? ልጅሽ ይላል፣ ግን ሆዷን እንዳይ ብሎ ነው የገዛው። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስልኩ ጠራ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አነሳሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጭጭ። "ሃሎ? ሃሎ? የኔ ልጅ?" ጭጭ። አብራኝ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፣ አፏ እንደ ተበላሸ ዚፕ አንዴ ከተከፈተ ስለማይዘጋ ዚፕ ነው የምንላት። "አምጪው እስቲ፣ አንቺ ስልክ ታውቂና ነው!" ብላ ነጠቀችኝና አንድ ነገር ስትነካ፣ የሴት ልጄ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ያን ሰዓት አንድ ሽማግሌ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ቆመዋል፤ እኔ ተንበርክኬ እግራቸው ሥር መርፌ ቁልፍ እየሰካሁ ነኝ።

"እማዬ! ሆዴ ዛሬም ድርቅ እንዳለ ነው። ከነጋ ሽንት ቤት ተቀምጬ ነው የዋልኩት!"

ሽማግሌው ወደ ታች እንኳ ሳያዩ "ፓፓያ ትብላ በሏት" አሉ። "ውሃም ታብዛ።"

"እማዬ፣ ማነው?"

"ደንበኛ ናቸው፣ የኔ ልጅ።"

"ወይኔ፣ በቁሜ ሞትኩ!"

"ትንሽ በእግሯም ትሂድ" ጨመሩላት። ሱሪውን ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሱሪው አልነበረም፤ "የልጅቷ ሆድ እንዴት ሆነ?" ነው ያሉኝ።

ሞባይል የሚሠራ ልጅ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ገልብጦ አየና "እናቴ፣ ጆሮ ላይ የሚያሰማው ነገር ከፋብሪካውም ሲወጣ አልሠራም። በስፒከር ብቻ ነው የሚያወራው። ዋስትና አለው አይደል? የተገዛበት ሱቅ መልሱት" አለኝ።

ለልጄ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ያንን ሬዲዮ ከጣለ ወዲህ አንድ ነገር ሲበላሽ "እኔ የነካሁት ነገር መቼ ደህና ይሆናል" ማለት አምጥቷል። አሁን ደግሞ ስልክህ ብልሽት አለበት ብለው ቅስሙ ይሰበራል። ዋጥ አድርጌ ተውኩት። እሱ ቤት ሲመጣ ስልኩን ትራስ ሥር እከተዋለሁ። ልጄም ወንድሟ የማይኖርበትን ሰዓት አጥንታለች፤ ስትደውል ደግሞ ከሰላምታው በፊት "ማን አለ አጠገብሽ?" ትላለች። ሰው አለ ካልኳት "በኋላ እደውላለሁ" ብላ ትዘጋለች። የፓፓያው ነገር አስተምሯት ነው።

እንዲህ ስንል ቆይተን የኩሽናዬ ሲንክ ማፍሰስ ጀመረ። ልጄ ሳይነግረኝ አንድ ከሰዓት ከሥራ ሾልኮ መጣና መሣሪያውን ዘርግቶ ሲንኩ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። እኔ መፍቻ አቀብላለሁ፣ እሱ ያጉረመርማል፤ "ማነው ይሄን የገጠመው? ክር እንኳ አልጠመጠመበትም" ይላል። የገጠመው ራሱ ነው።

ስልኩ ጠራ። ትራስ ሥር አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ደውላ እንዴት አላነሳም? አነሳሁት።

"ማን አለ አጠገብሽ?"

ያ እግር ቀጥ አለ። እኔ መዋሸት አልችልም፣ እግዚአብሔርን እፈራለሁ። እውነቱን ብናገር ደግሞ መዝጋቷ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

"ቧንቧ የሚሠራ ሰው አለ። ሲንኩን እየጠገነልኝ ነው።"

"ጎበዝ ሠራተኛ ነው?"

"እግዚአብሔር ይባርከው፣ እጁ ወርቅ ነው።"

"እሺ" አለች፣ አልዘጋችም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። "እማዬ፣ ዛሬ ሐኪሟ ደርሰሻል አለችኝ። ባሌ መንገድ ላይ ነው። ፈራሁ።"

"አይዞሽ የኔ ልጅ። እግዚአብሔር አለ፣ እኔም አለሁ።"

"አውቃለሁ፣ አንቺ ትጸልይልኛለሽ። ግን ማን ያስቀኛል?"

"እንዴት ማለት?"

"ልጅ ሆኜ መርፌ ስወጋ ትዝ ይልሻል? ልጅሽ ከነርሷ ጀርባ ቆሞ እንደ ዳክዬ ሲንጎማለል፣ እኔ ስስቅ መርፌው ገብቶ ይወጣል።" ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ ሬዲዮውን እኮ ከረሳሁት ቆየሁ። ያልረሳሁት የተናገርኩትን ነው። አባዬን ጣልከው አልኩት። አባዬ መራመድ ሲያቅተው በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ማን ነበር? እሱ አይደል?"

እግሩን አየሁት። ጣቶቹ ካልሲው ውስጥ ተሰብስበዋል። ከዚያ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ፤ ሊነሳ ሲል ራሱን ከሲንኩ ጋር አጋጭቶት ነው።

"ሠራተኛው ደህና ነው?" አለች ልጄ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ ከሲንኩ ሥር "ቋ፣ ቋ፣ ቋ" የሚል የዳክዬ ድምፅ ሰማሁ። ልጅ ብዬ ያሳደግሁት ጎልማሳ፣ ፂሙ ውሃ እያንጠባጠበ።

ቀጥሎ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"አንተ! ተደብቀህ የሰው ወሬ ትሰማለህ? አታፍርም?"

"ምን ተደበቅሁ? ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ሥራ ላይ እያለ የምታለቅሺበት አንቺ ነሽ።"

"ራስህን መታህ?"

"ባዶ ነው፣ አይጎዳም።"

"እሱስ እውነትህን ነው።"

አፌን ይዤ ቆሜያለሁ። እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ "ሬዲዮውን ፈልጌው ነበር" አለ። "የቆሻሻ መጣያው ቦታ ስቆፍር ዋልኩ። አላገኘሁትም። ሌላ ሬዲዮ አገኘሁ።"

"የማን?"

"እኔ ምን አውቄ። እሱም አይሠራም።"

"አምጣልኝ" አለች እየሳቀች። "ደግሞ እማዬ፣ 'ቧንቧ የሚሠራ ሰው' ስትዪኝ የወንድ ልጅሽን ሥራ የረሳሁት መስሎሽ ነው? ስልክሽ ጮሆ እንደሚያወራ አላውቅም? ፊት ለፊት ልነግረው አፌ እምቢ ስላለኝ እኮ ነው።"

ወይ ጉድ! እኔን ሞኟን፣ ያመለጥኳት መስሎኝ!

እሱ ስልኩን አንስቶ ጆሮው ላይ ሞከረው፤ ነገሩ ገባው። "ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር? እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ሱቁ ይለውጠዋል፣ ነገውኑ እወስደዋለሁ!" አለ። እኔም "ከወለደች በኋላ ትወስደዋለህ፣ እስከዚያ እንዳትነካብኝ" አልኩት። "ምነው?" አለ። "እኔ ለምጄዋለሁ" አልኩ። ሲንኩ ግን አሁንም ትንሽ ያፈሳል፣ ይቅር ይበለውና።

ይሄን የማጫውታችሁ ከሐኪም ቤት ኮሪደር ነው። ንጋት ላይ ምጧ መጣ። ለእኔ አልደወለችም፣ ለእሱ ነው የደወለችው። ቧንቧ በሚጭንባት አሮጌ መኪና አመጣት፣ እኔን ከመንገድ አንስቶ። እሱ የመኪናውን ቦታ ሊያስተካክል ወጥቶ ነበር። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። ቅድም ከውስጥ ደወለች። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ጥበቃው ሳይቀር።

"እማዬ፣ ወንድሜ የት ሄደ? ጥሪልኝ!"

ወንድሜ አለች። ሰማችሁ? ኮሪደሩ ሙሉ ሰምቶላታል። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ሳይነግሯት ተነስታ ልትጠራው ሮጠች።

አሁን በበሩ መስታወት በኩል እንደ ዳክዬ እየሄደላት ነው፣ ነርሷም እየሳቀች። የቀረው የእግዚአብሔር ነው። እናንተም እዚህ ድረስ ከሰማችሁኝ አይቀር፣ አንዴ ብቻ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ "በሰላም ያገላግልሽ" በሉልኝ።