የካርታር ሜዳሊያ

ኤልፍነሽ በዴን ሃግ ከተማ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምታጥብ፣ የምታለብስ ሴት ናት። ታውስዞርግ ይሉታል ሥራውን። ከሁሉ ልቧ የሚያደላው ለሜኔር፣ በኛ ለአቶ፣ ጉርባክሽ ነበር። ልጃቸውን ተከትለው ከሕንድ የመጡ፣ ዘጠና አምስት ዓመት የሞላቸው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ያን ረጅም ጥምጥማቸውን ሲጠመጥሙ አንዱን ጫፍ ወጥራ የምትይዝላቸው እሷ ናት። ጨርቁ ከመስኮት እስከ በር ይደርሳል።

“ጠበቅ አድርጊ እንጂ፣ ምን ዓይነት ወታደር ነሽ!” ይሏታል።

“የሚበላ ሳይሰጠኝ የዘመትኩ ነኛ!” ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016፣ በጸደይ፣ አንድ ማክሰኞ ሽማግሌው በመስኮት እያዩ የሆላንድን ሜዳነት አሙ። “ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለውም።”

“እኔንስ ምን ልበል? ያደግሁት ማይጨው። ወደ መቀሌ ለትምህርት ስሄድ አላጌን ተሻግሬ ነው።”

“አምባ አላጌ?” ሽማግሌው ከመስኮቱ ዞሩ።

ከመሳቢያ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። ውስጡ ሁለት ሜዳሊያ አለ።

“ይሄ የኔ፣ ይሄ የጓደኛዬ የካርታር ሲንግ። እኛ የራሳችን ራጃ፣ ንጉሥ ማለት ነው፣ ነበረን፤ ትንሽ አገር፣ ትንሽ ጦር። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ አዋሰን። ሥራችን ከመንገድ ላይ ፈንጂ ማውጣት ነበር። አላጌ ሥር አንዱ ፈንጂ ካርታርን ወሰደው። ራጃው ሁለታችንንም ሸለመን፤ የካርታርን የሚቀበል ዘመድ ስለጠፋ ለኔ ሰጡኝ።” ሜዳሊያውን ዘረጉላት። “ያንቺ አገር አፈር ነው የበላው። ውሰጂው።”

“ኧረ በፍጹም! ይቅርብኝ ሜኔር፣ እኔ ምን አድርጌ!”

አፏ ነው እንጂ ልቧስ ተቀብሎ ጨርሷል። እንዳደገችበት ወግ፣ የተዘረጋ ነገር ባንዴ አይወሰድም። ሰጪው “በሞቴ” ይላል፣ ተቀባዩ ይግደረደራል፤ “አፈር ስሆን” ሲባል ያኔ እጅ ይዘረጋል። እሷም “በሞቴ”ን ጠበቀች።

ሽማግሌው ሣጥኑን ከደኑት።

በማግሥቱ በሩን የከፈተችላት የልጅ ልጃቸው ጃስሊን ናት። “ጥምጥሙን ብቻዬን እጠመጥማለሁ ብሏል። ቁርስም አልበላም። ‘ሰባ አምስት ዓመት ይዤው ዞሬ፣ የሞተላቸው ሰዎች ካርታርን አንፈልግም አሉ’ ይላል። ምን ብለሽው ነው?”

ኤልፍነሽ ስትመለስ ትራም ውስጥ ሆና ሮተርዳም ላለችው ወዳጇ ለጥሩአየሁ ደወለች።

“አንቺ ሴት! ጠላ የቀረበልሽ መሰለሽ እንዴ የምትግደረደሪው?”

“ወግ ነው ብዬ እኮ ነው፣ ጥርዬ።”

“ወጉን እሳቸው በምን ያውቁታል? ደግሞስ ስጦታ መቼ ሆነና፣ አደራ እኮ ነው! ሂጂና አንቺው ለምኚያቸው።”

እምቢ ያሉትን ነገር መልሶ መለመን ለኤልፍነሽ ከሞት አይተናነስም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሲነጋ፣ የዕረፍት ቀኗ ቢሆንም፣ ሄደች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

“ሜኔር፣ ለልመና መጣሁ። ካርታርን ስጡኝ።”

“አልፈልግም ብለሻል።”

“በኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። ሁለተኛውም አይቆጠርም። ሲለምኑን ነው የምንቀበል። እኔ ሞኟ፣ እስኪለምኑኝ ስጠብቅ…” እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው ወደሷ ዞሩ።

“በዚህ ዓይነት ቁርሳችሁን የምትበሉት ማታ ነዋ?”

ጃስሊን ከበሩ ሥር ሳቋ አመለጣት። “ለመሥሪያ ቤትሽ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የተከለከለ ስጦታ ተቀበለች እንዳይሉሽ” አለቻት።

ሽማግሌው ሜዳሊያውን አወጡ። ኤልፍነሽ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችና ሳመችው።

“ምን ታደርጊዋለሽ?”

“ነሐሴ ላይ እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። አላጌ ላይ ከአውቶቡስ እወርድና ስሙን ጠርቼ እቀብርለታለሁ።”

“እስቲ ጥሪው።”

“ካርታር ሲንግ።”

“ተራራ ላይ ይሄ ይሰማል? ጮክ በይ!”

“ካርታር ሲንግ!”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጀርባቸውን ቀና አደረጉ፤ በጓደኛቸው ፈንታ፣ በአገራቸው ቋንቋ፣ “አቤት!” አሉ።