ገመዱን የነቀለው እጅ

እኔን ለወግ ለማዕረግ ያበቃኝ ስድብ ነው። ሴት ራፐር ስትሳደብ ደስ የሚለው ሰው ብዛቱ! ስድቡ በማን ላይ እንደወረደ የምናውቀው ግን ሁለት ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሴሚሲ።

እዚሁ ሰፈራችን ማንገሬ፣ ቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ነው የሆነው። የወጣቶች ቀን ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አፌ ልጓም የለውም። ጨዋ ጨዋውን ሁለት ዘፈን አቅርቤ ስጨርስ ልጆቹ "ያቺን! ያቺን!" እያሉ ጮሁ። "ያቺ" የሚሏት ስለ አንድ ጎረምሳ ገላ የጻፍኳትን ነው፤ ከወገብ በታች ትወርዳለች። እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች ዘንድ ደግሞ እህትና ወንድም አንድ ላይ ባሉበት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። ቴሌቪዥን ላይ መሳሳም ሲመጣ እንኳ አንዳችን ብድግ ብለን እንወጣለን። ስለዚህ አዳራሹን ቃኘሁ። ሴሚሲ የለም፣ ሥራ ገብቷል። ጀመርኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማይኩ ዝም፣ ስፒከሩም ዝም አለ። ደሜ ፈላ። ደግሞ ለጉሮሮዬ ማይክ አያስፈልገውም።

"ገመዴን የነቀለ፣ እጁ ይነቀል! ያጠባችው ትፈር!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ሆና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ።

"ፊውዝ ነው! ይቅርታ፣ ፊውዝ ነው!"

የሴሚሲ ድምፅ ነበር። ለካ እኔን ሊያይ ብሎ ተራውን ቀይሮ መጥቷል፤ ስፒከር የሚይዘው ሰው ሲቀር ደግሞ እሱን ተክተውታል። እንዳይወጣ መውጫው በእኔ በኩል ነው፣ እንዳይሰማ ጆሮ አይደፈን። ገመዱን ነቀለው፣ ሌላ ምን ያድርግ? እኔ ግን ወንድሜንም የገዛ እናቴንም በአንድ ትንፋሽ ረገምኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይህ እንኳ ወለምታ ነው ይባል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው ምን እንደምለው የማላውቀው። ቪዲዮው በሦስት ቀን አገር አዳረሰ። አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ጠራኝና፣ "ስድቧን አዝማች አድርጊያት፣ ሌላው የእኛ ሥራ ነው" አለኝ። ነቃዩ ማን እንደሆነ እያወቅኩ እሺ አልኩ። ምነው አፌን በዘጋው!

በዚያ በጋ ከፀጉር ቤት እስከ አውቶቡስ "እጁ ይነቀል" ነበር። ሴሚሲ ራግቢ ይጫወታል፤ ሜዳ ላይ ኳስ ባመለጠው ቁጥር ደጋፊው በዜማ "እጁ ይነቀል!" ይለዋል፤ ሳያውቁ ነው። በዓመቱ ኳሱን ተወ። ለምን ሲሉት፣ "ጉልበቴን አሞኝ ነው" አለ። ያን ሰሞን እኔ ሲድኒ መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ሕዝቡ አዝማቿን ይቀበለኛል።

ሁለተኛው ዘፈኔ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ሦስተኛውን እናቴም እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። ኩባንያው ስልኬን ማንሳት ተወ። በመጨረሻ አንድ የጫማ መደብር ሲከፈት፣ ፊኛ ለያዙ ሕፃናት ስዘፍን ራሴን አገኘሁት። የእጄን ነው ያገኘሁት አልኩና ወደ ቤት ተመለስኩ።

አንድ ቀን የሴሚሲ ሚስት ቪካ ደወለች።

"እትዬ፣ ልጄ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። ከፍ ብለሽ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።"

"ሌላ ሰው አስቀምጡ፣ ቪካዬ።"

"የአባቷ ታላቅ እህት አንቺ! ሌላ አክስት ከሱቅ ልግዛ?"

እኛ ዘንድ የአባት እህት ንግሥት ናት፤ ወንድሟን የጠየቀችውን አትከለከልም። ሄድኩ። እዚያው አዳራሽ፣ የሰሌን ክምር ላይ አስቀመጡኝ፣ ሕፃኗን አሳቀፉኝ፣ የኬኩን አናት ሰጡኝ። ሴሚሲ ከኋላ ስፒከሩ ጋ ቆሟል። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት።

አጎቴ ማካ ማይኩን ይዞ መጣ። "በይ ንግሥታችን! ከሴሚሲ ምን ትወስጃለሽ? መኪናውን? ጠይቂ እንጂ፣ እምቢ እንደሆን አይልሽ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ክው አልኩ። እውነቱን ነው፣ እምቢ ሊለኝ አይችልም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሚሰጠው ይቅርታ ምኑን ይቅርታ ሆነ? እንግዲያው ቢያንስ ኃጢአቴን ልናገር ብዬ ማይኩን ተቀበልኩ።

"ያቺ የምትዘፍኗት ስድብ... ገመዱን የነቀለው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የሸጥኩት። ሰውዬው..."

ማይኩ ዝም አለ።

"ፊውዝ ነው!" አለ ሴሚሲ ከኋላ። "ይቅርታ፣ ፊውዝ ነው!"

ገመዱ እጁ ላይ ነው። በዓይኑ ወደ እናታችን አመለከተኝና ራሱን ነቀነቀ። የተረገመችው እሷ መሆኗን እንዳትሰማ ነው።

ማካ መቼ ይለቃል፣ "እጁ ይነቀል!" ብሎ አወረደ። አዳራሹ ተቀበለው። እናቴ እያጨበጨበች "ያጠባችው ትፈር!" አለች፤ ሕፃኗም ጭኔ ላይ ሆና አጨበጨበች።

ያለ ማይክ መጮህ እችል ነበር። ያን ቀን ችዬ የለ? ዝም አልኩ።