ዝናቡን አጥፊው

በኢሎይሎ ከተማ የሠርግ ፊልም ነገ ይደርሳል ብሎ ነገር የለም። ጠዋት የተቀረጸው፣ እንግዳው ምሳውን በልቶ ሳይነሳ በአዳራሹ ስክሪን መታየት አለበት። ይህን ልማድ ማን እንደጀመረው ፊልሙን የምታቀናብረው ኔሪሳ አታውቅም፤ ብታገኘው ግን የምትለው አላት።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ዕቃ ቤት፣ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ወገቧ ተቆርጧል፣ ጆሮዋ ዝሏል። በየሠርጉ ፊልም የምታስገባውን ያንኑ የፒያኖ ሙዚቃ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰማ ከርማ አሁን አንገሽግሿታል። እንዲያም ሆኖ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ድምፁ እንዳይላተም ማሸጋገሪያ እያስገባች ነው፤ የቄሱ ቃል ቀስ ብሎ ሲከስም ፒያኖው ከሥሩ ብቅ ይላል። እጇ ስለለመደው እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም።

አለቃዋ ኤልመር በሩን በትከሻው ገፋው። «ኢንዳይ፣ እህቴ፣ የምሳው አሳማ አጥንቱ ብቻ ቀረ እኮ! ደረሰ?»

«ይደርሳል፣ ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ። ከምታጣድፈኝ አንድ ሳህን ሩዝ ብታመጣልኝ ምን ነበረበት?»

«መጀመሪያ ዝናቡን አጥፊው። የሙሽራው እናት በልጄ ሠርግ ፊልም ዝናብ እንዳልሰማ ብላለች።»

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ የሙሽሪትን ቤት የቆርቆሮ ጣራ ሲቀጠቅጥ ነበር። ኔሪሳ እዚያ ቤት የተቀረጸውን ሁሉ በአንድ ላይ መርጣ የጩኸት ማጥፊያውን ኢፌክት ለቀቀችበት። ዝናቡ ጸጥ አለ። እሰይ፣ አንዱን ተገላገልኩ አለች።

መጨረሻውን ስታይ ግን አባባ ለማለት ታታይ የሚሉት የሙሽሪት አባት ፕሩደንሲዮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም። መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫዋን ገመድ ነቀነቀች። ኋላ ነገሩ ገባትና አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጣራ የኖረ፣ ድምፁ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ ሲቀልድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር። አምና ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና ከታከመ ወዲህ የቀረችው ትንፋሽ ብቻ ናት። በአዳራሽ ትንፋሽ ማን ይሰማል? ስለዚህ ለልጁ የሚለውን ጠዋት በቤቱ ማይክ ከንፈሩ ላይ ተደርጎለት ነው የተናገረው። ማሽኑ ደግሞ ትንፋሹን ከዝናቡ ቆጥሮ አብሮ ጠርጎታል።

«ፒያኖውን ልቀቂበት» አለ ኤልመር። «ከንፈሩ ብቻውን ያስለቅሳል።»

እውነቱን ለመናገር እጇ ወደ ፒያኖው ሄዶ ነበር። የደከመ ሰው የማያደርገው የለም። ግን በተከፈተው በር ሽማግሌውን አየችው። ሸሚዙን ጠባሳውን እስኪሸፍን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ምግቡን ሳይነካ፣ ገና ባልበራው ስክሪን ላይ አፍጥጧል። ምነው ባላየሁት አለች በልቧ፣ ተናዳ።

ኢፌክቱን አነሳችው። ዝናቡ ጆሮዋ ላይ ወረደ። ፒያኖውን ከሥሩ አወጣች፣ የዝናቡን ወፍራም ድምፅ ዝቅ፣ የትንፋሹን ቀጭን ድምፅ ከፍ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ቃል የሌለበት ባዶ ዝናብ ቆርጣ በንግግሩ መሃል ሰካች፣ ስፌቱ እንዳይታወቅም ጫፍና ጫፉን በማሸጋገሪያ አለዘበችው።

«ማኖንግ፣ ዝናቡ አይጠፋም።»

«ሴትዮዋ ትገድለኛለች!»

«ትግደልህ። የቀብርህን ፊልም በነጻ እሠራልሃለሁ።»

ፊልሙ ተጀመረ። መጨረሻው ላይ ፒያኖው እየራቀ ሄዶ ጠፋና ዝናቡ አዳራሹን ሞላው። የሙሽራው እናት ፊቷን አጨማደደች። ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ከዝናቡ ሥር የሚንሾካሾክ ሰው አለና።

«ማርጂሊን፣ ፀሐይ እንድትወጣልሽ ለሳንታ ክላራ እንቁላል ወስጄ ነበር። ይኸው፣ ዝናቡን ትሰሚያለሽ፤ ጠብሳ በልታ ረሳችን።»

በሠርግ ቀን ዝናብ እንዳይጥል ለቅድስቲቱ እንቁላል ያልወሰደ ቤተሰብ እዚያ የለምና አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኔሪሳ የሰካችው ባዶ ዝናብ ለዚህ ነበር፤ ሳቁ የሚቀጥለውን ቃል እንዳይውጠው። ታታይ ፕሩደንሲዮ ደንግጦ ማን ምን ተናገረ ብሎ ዞር ዞር አለ። ከዚያ የሳቁት በራሱ ቀልድ እንደሆነ ገባው። ከታመመ ወዲህ ሰው አስቆ አያውቅም ነበር።

ሳቁ በረድ ሲል ትንፋሹ ቀጠለ።

«አትስጊ ልጄ። ይህን የቤታችንን ጣራ የመታሁት እኔ ነኝ፣ አያፈስም። የዚያኛው ቤት ካፈሰሰብሽ፣ ነይ።»

ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አባቷ ስትሮጥ ኔሪሳ ከበሩ ሥር ሆና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ኤልመር አንድ ሳህን ሩዝ አቀበላት። ሽማግሌው ልጁን በአንድ እጁ እንዳቀፈ በሌላው የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ከጎኑ ወደተቀመጠው ሰው ጆሮም ተጠግቶ ሌላ ቀልድ ጀመረ።