ለጊዜው የተዘጉ ሦስት መስመሮች

የድሮው ኮምፒውተር መብራት መጥፋትና መምጣት ሲያበዛ ተቃጠለ። አዲሱ ሲመጣ የቦርከናን ውሃ የሚከታተለውን ፕሮግራም ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ላይ እንደገና የመገንባቱ ሥራ ኢማን ላይ ወደቀ። ከሚሴ ባለው መሥሪያ ቤታቸው ከሷ ሌላ ኮድ የሚገባው ሰው አልነበረም። ፕሮግራሙ ድልድዩ ሥር ከተተከለው መለኪያ የውሃውን ከፍታ ይቀበላል፤ ወንዙ ሦስት ሜትር ሲያልፍ በጨፋ ሸለቆ ላሉ ገበሬዎች በስልካቸው መልእክት ይልካል።

ኮዱን ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር፣ ስትጀምር ግማሽ ሳይደርስ ቆመ፤ የጎደለ ፋይል አለ ይላል። ከድሮው ዲስክ ፈልጋ ጨመረች። አሁን ደግሞ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ላይብረሪው፣ አሮጌ ነው አላት። ሌላ ብትተካበት ስክሪኑን ከበፊቱ የባሰ የስህተት መዓት ሞላው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለነበር ትክክለኛውን ከየትም ማውረድ አልቻለችም። እንዲህ ስትል አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ፕሮግራሙን ለጻፈው፣ ደሴ ለሚኖረው ለምንዳዬ ደወለችና ስህተቱን አነበበችለት።

«መልእክት የሚልከው ክፍል ነው ያስቸገረሽ» አላት። «ያለ ላይብረሪው አይሆንም። እሱን የሚጠሩትን ሦስት የኮድ መስመሮች እንዳይሠሩ ለጊዜው ዝጊያቸው፣ የቀረው ይሠራል። ኢንተርኔት እንደመጣ መክፈቱን ግን አደራ።»

ዘጋቻቸው። ፕሮግራሙ ያለ አንዲት ስህተት ተገነባ። ኃላፊዋ አቶ ማስረሻ በበሩ ብቅ ብለው «እህሳ፣ ሠራ?» ሲሏት «ሠርቷል» አለች። መልእክት እንደማይልክ አልነገረቻቸውም። ስክሪኑን እያየሁ ራሴ ለገበሬዎቹ እደውላለሁ ብላ ነበር በልቧ። እሳቸውም በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያው መመለሱን ለገበሬዎቹ አስነገሩ።

ስምንት ቀን ዓይኗን ሳትነቅል ተከታተለች። በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ለጁምዓ ሶላት ወጣች። ከሚሴ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ወደ ላይ፣ በኮምቦልቻ በኩል ነው። ስትመለስ ስክሪኑ አራት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ይላል። ወዲያው ለወንዙ ከሁሉም ለሚቀርቡት ሽማግሌ፣ ለጀይሉ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ሳቢራ ነበረች።

«አባባ ጀይሉ የት አሉ? ውሃ እየመጣ ነው፣ ከብቶቹን ያውጡ!»

«ያ ረቢ! ሊያጠጣ ወርዷል እኮ። መልእክት ከመጣ ጥሪኝ ብሎ ስልኩን እኔ ጋ ትቶት...» ከኋላዋ ጩኸት ተሰማ። ስልኩ ተቋረጠ።

ጀይሉን በማግስቱ ከታች፣ ማሽላው ዳር ጭቃ ውስጥ አገኟቸው።

አቶ ማስረሻ የቢሮውን በር ዘግተው «ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር እንላለን» አሏት። «ግማሹ እኮ እውነት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄደችና ሳቢራ አጠገብ ተቀመጠች።

«መልእክቱ ያልመጣው በኔ ነው» አለቻት። «ፕሮግራሙ እምቢ ሲለኝ የሚልከውን ክፍል ዘጋሁት። ሠርቷል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አባቴ ድሮ ወንዙን በጆሮው ነበር የሚያውቀው» አለች ሳቢራ። «ሠርቷል ካላችሁ ወዲህ ነው ማዳመጥ የተወው።»

ኢማን አፉ በይኝ ልትል ስትል ሳቢራ በእጇ ከለከለቻት።

«ዛሬ እንዳትዪኝ። እነዚያ ገበሬዎች ዛሬም ስልካቸውን ነው የሚያምኑት። ሂጂና ንገሪያቸው።»

ኢማን ተነሥታ ዳሱ ውስጥ ከተቀመጡት ወንዶች ፊት ቆመች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ማንም አልተቆጣትም። አንድ ሽማግሌ ከነገ ጀምሮ ወንዙ ዳር ማን ማን በተራ እንደሚቆም ከጎኑ ካሉት ጋር መማከር ጀመረ።