ብርዱን የምታውቅ መኪና

«ልጄ የመኪናዋን አንጎል ነካክቶ ገደላት እኮ! በል ዘመኑ፣ አውጣና አሮጌውን መልስልኝ!»

ይህ የአማቷ የአባባ ፋንታው ድምፅ ነው። ዓይናለም ከለቀስተኞቹ መሐል ቀና አለች። ባሏ ደምመላሽ ከተቀበረ ወዲህ ነገር ሁሉ እንደ ሕልም ከሩቅ ነበር የሚደርሳት፤ ይሄ ግን ቶሎ ደረሳት። ዛሬ ሰልስቱ ነው። መራመድ የማይችሉትን እናቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱ ቢሉ፣ መኪናዋ እንቢ አለች። አሁን ታናሽ ወንድሙ ዘመኑ ጉም ውስጥ ቆሞ ኮፈኖውን ከፍቷል።

«ወይ ጉድ፣ አንጎልም ይቀየራል?» አለች ጎረቤቷ ፈንታነሽ በሹክሹክታ። «ለኔስ ቢገኝ!»

ደምመላሽ ቢሰማ ኖሮ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አንጎል የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር አርጅቶ፣ መኪናዋ በደብረ ታቦር ብርድ ነዳጅ መርገጫውን ደጋግመው ካልረገጡላት ንቅንቅ አትልም ነበር። አባባ ፋንታውማ ማታ ማታ ጋቢያቸውን ያለብሷት ነበር። ደምመላሽ አሮጌውን ሳጥን አውጥቶ አዲስ ገጠመላት። ከዚያ ዓይናለምን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ አዲሱን አንጎል ሊያስተካክል ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በማለዳ ጉም ወደ ጋፋት ወጡ። መንገዱ አይታይም፤ የሚሰማት ድምፁ ብቻ ነው። «ቀስ… አሁን ጨምሪ… እሰይ፣ የኔ ዓለም!» ለሷ ይበል ለመኪናዋ እንጃ፤ ቅናት ቢጤም ሽው ብሎባት ነበር።

«ስታስነሻት እግርሽን ሰብስቢ» አላት ሲመለሱ። «ከረገጥሽባት፣ ነዳጅ በዝቶብኛል ብላ ትዘጋዋለች። ብርዱን አሁን ራሷ ታውቃለች።»

ይህን ለአባቱም ሊነግራቸው ነበር። ድንገት ደረቱን ያዘውና ሳይነግራቸው ቀረ።

ዓይናለም ብድግ አለች። ፈንታነሽ ነጠላዋን ያዘቻት። «ኧረ ተይ! በሐዘንሽ ቀን ምን ሆነሽ ነው?»

«የመጨረሻ ሥራውን ሊነቅሉት ነው እኮ!» አለችና ወጣች።

«አባባ፣ እየረገጡ ነው ያስነሷት?»

«እስኪደክመኝ ረገጥኩላት እንጂ! ሌላ ምን ላድርግ?»

መሪው ላይ ተቀመጠች። እግሯን ሰበሰበች። ቁልፉን እስከ ግማሽ አዙራ ጠበቀች፤ ከኋላ የነዳጅ ፓምፑ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም «ቀስ…» ሲላት ሰማችው። አዞረችው። ሞተሩ ወዲያው፣ በለሆሳስ ተነሳ።

ዘመኑ መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

«አልረገጥኩባትም፣ አባባ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ብርዱን እንድታውቅ አድርጎ ነው የሠራት።»

አባባ ፋንታው ኮፈኖውን ራሳቸው ዘጉት፤ እናትየውን ደግፈው አስገቡና ሄዱ።

ሲመሽ ዓይናለም በበሩ ስታይ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ኮፈኖው ላይ ያለብሳሉ።

«አባባ፣ አሁን እኮ አይበርዳትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

የጋቢውን ጫፍ እየጎተቱ አስተካከሉት። ከዚያ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።